ከፊታቸው በፊት እግራቸውን፦ የልጆች የባሌት ክፍልን የሚያሳይ የድሮ ፎቶግራፍ እንዴት ይነበባል?

ልጆች ባሌት ሲማሩ የሚያሳይ የድሮ ፎቶግራፍ እጁ የገባ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፊታቸው ላይ ነው። አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ አቀርቅራለች፣ ሦስተኛዋ ካሜራውን ረስታ መስኮት መስኮቱን ታያለች፤ ተመልካቹም ወዲያው የልጆቹን ጠባይና ስሜት መተረክ ይጀምራል። ይህ ግን ከፎቶግራፉ የተነበበ ሳይሆን ተመልካቹ ከራሱ አምጥቶ የጨመረበት ታሪክ ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ለቅጽበት የታየ የፊት ገጽታ ምን ማለት እንደነበር ማረጋገጫ የለውም፤ የጫማው አሠራር፣ የታይቱ (እግርን አጥብቆ የሚሸፍነው ልብስ) መጨማደድ፣ የወለሉ ጣውላና የብርሃኑ አቅጣጫ ግን ፎቶግራፉ መቼ፣ በምን ዓይነት ትምህርት ቤትና ለምን ዓላማ እንደተነሣ ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህ የሚከተለው መመሪያ ሆን ብሎ ፊትን ወደ መጨረሻው የሚያቆይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃውን

ፎቶግራፍ ምስል ከመሆኑም በላይ ከወረቀት፣ ከብርና ከጄላቲን ወይም ከእንቁላል ነጭ የተሠራ ዕቃ ነውና ምርመራው የሚጀምረው ከዕቃው ነው። እጅዎን ታጥበውና አድርቀው ጠርዙን ብቻ ይያዙ፤ የተቀደደ ቢሆን እንኳ በፕላስተር አይለጥፉት፤ በጀርባውም በእስክሪብቶ አይጻፉበት። ፊቱንም ጀርባውንም፣ የተለጠፈበት ካርቶን ካለም ካርቶኑን ጭምር፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉና ቀሪውን ሥራ በቅጂው ላይ ያካሂዱ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ ምስሉን ደጋግሞ ማጉላት የሚጠይቅ ነው። በእጅዎ ያለው የታተመ ፎቶ ሳይሆን የፊልም ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚታተምበት መነሻ ፊልም፣ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ እስከ 1951 አካባቢ ይመረት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ከሙቀት አርቆ ማቆየትና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የወረቀቱ ዓይነት ሰፊ የዘመን ገደብ ይሰጣል። በ1850 ተዋውቆ እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ገደማ ገበያውን የያዘው፣ በእንቁላል ነጭ የሚዘጋጀው የአልቡሚን ወረቀት በጣም ስስ ስለነበር በወፍራም ካርቶን ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ዛሬ ሲታይ ብሩህ ክፍሎቹ ወደ ቢጫ ያደላሉ፣ ጥላዎቹም ቡናማ ናቸው። ከካርቶኖቹ መካከል ፈረንሳዊው ዲስዴሪ በ1854 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ካርት ደ ቪዚት 6.4 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በ1866 የመጣው ካቢኔት ካርድ ደግሞ 10.8 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቦታውን የተረከበው የጄላቲንና የብር ወረቀት ፎቶውን አዘንብለው በብርሃን ሲያዩት ብዙ ጊዜ በጥቁሮቹ ክፍሎችና በጠርዞቹ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ መስታወት መሰል የብር ገጽ ያሳያል። ፎቶው እንደ ፖስት ካርድ የታተመና ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ በመስመር ለሁለት የተከፈለ ከሆነ በብሪታንያ ከ1902፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ1907 ሊቀድም አይችልም። ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የታተመ ነው፤ ፕላስቲክ የተቀባ ያህል የሚለሰልስ ከሆነም ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ኅትመቱ ነው እንጂ ስለ ቀረጻው አይደለም፤ በ1910 የተነሣ ኔጋቲቭ በ1975 በአዲስ ወረቀት ሊታተም ይችላል። የልጆቹ አለባበስ ከወረቀቱ የቀደመ ሆኖ ከተገኘ ኋላ ላይ የታተመ ቅጂ ነው ብሎ መነሣት ተገቢ ነው፤ አለባበሱ ከወረቀቱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ከመሰለ ግን ከሁለቱ ንባቦች አንዱ ተሳስቷልና ወደ ኋላ ተመልሶ መፈተሽ ያስፈልጋል። በጀርባው የተጻፈ ስም ወይም ዓመት ቢኖርም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ በማን እጅና መቼ እንደተጻፈ እስኪታወቅ ድረስ የአንድ ሰው ቃል እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ የልጅ ልጆች የቤተሰቡን አልበም ሲያደራጁ የጻፉት ዓመት በአሥር ዓመት ቢዛነፍ የሚያስገርም አይሆንም።

ካሜራው ምን ያህል ጊዜ ጠበቀ?

የባሌት ፎቶግራፍ እንቅስቃሴን የሚያሳይ ይመስላል፤ የቆዩት አብዛኞቹ ግን የሚያሳዩት ያለ እንቅስቃሴ መቆምን ነው። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ደረቅ የጄላቲን ሰሌዳ (ብርሃን የሚቀበል ጄላቲን የተቀባ መስታወት) ከቀደሙት ዘዴዎች እጅግ የፈጠነ ቢሆንም በመስኮት ብርሃን ብቻ በሚታይ አዳራሽ ውስጥ ከፊትም ከኋላም ያሉትን ልጆች አጥርቶ ለማንሣት ብዙ ጊዜ ሴኮንዶች ይፈጅ ነበር። በ1887 በጀርመን የወጣው የማግኒዥየም የፍላሽ ዱቄት ጨለማውን ቢያሸንፍም በጭስና በድንገተኛ ነጸብራቅ የታጀበ ነበር፤ በመስታወት አምፖል ውስጥ የታሸገው ፍላሽ የመጣው በ1930 ገደማ ሲሆን አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ያስፋፋው የኤሌክትሮኒክ ፍላሽም የ1930ዎቹ ውጤት ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ጠቃሚ መለኪያ ማውጣት ይቻላል፦ በቤት ውስጥ በአየር ላይ እንዳለች ጥርት ብላ የተያዘች ዘላይ ልጅ ካለች ፎቶው ከ1930ዎቹ ወዲህ የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው ሁሉም ልጆች እግራቸውን በአንድ ከፍታ ዘርግተው እንደ ሐውልት ደርቀው ከታዩ፣ ያንን ሲያደርጉ የተገኙ ሳይሆኑ እንዲያደርጉና እንዲጠብቁ የታዘዙ ናቸው። በግድግዳው ላይ የተገጠመውን የመደገፊያ እንጨት ይዘው የቆሙባቸው ፎቶዎች የበዙትም ልጅን ለሴኮንዶች ያለ መንቀጥቀጥ ሊያቆመው የሚችለው ይህ እንጨት ስለሆነ ጭምር ይመስለኛል።

ስለዚህ ብዥ ያለውን ቦታ ይፈልጉ። ምስሉን አጉልተው በትንንሾቹ ልጆች ጣቶች፣ በቀሚስ ጠርዝና በተነሣው እግር ጫፍ ላይ ያተኩሩ፤ ከሁሉ ይበልጥ እውነተኛው ድርጊት የሚገኘው እዚያ ነው። ጥላንም ይከተሉ፤ ለስላሳና ከአንድ ወገን የሚመጣ ጥላ መስኮትን፣ ከልጆቹ ኋላ በግድግዳው ላይ ጠርዙ ተለይቶ የወደቀ ጥላ ደግሞ ፍላሽን ያመለክታል። በመስታወት ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስና በቀለም ማስተካከል የተለመደ ሥራ ስለነበር በወገብ፣ በጫማ ጫፍና በእግር ሥር ባለው ወለል ዙሪያ ያልተፈጥሮ ንጹሕ የሆነ መስመር ካለ የአስተካካይ እጅ መግባቱን ይጠርጥሩ። አንድ እግሯን አንሥታ ያለ ምንም ድጋፍ ፍጹም ጸጥ ብላ የቆመች የስድስት ዓመት ልጅ ከኋላዋ የጠፋ መደገፊያ ነበራት ወይ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

ቀለምን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ አይገምቱ። የቆዩት ሰሌዳዎችና ፊልሞች ቀይ ብርሃንን የማይቀበሉ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ቀይ ነገር ጥቁር፣ ሰማያዊ ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ቀለም የሚቀበል ሰሌዳ ከ1906 ጀምሮ ቢሸጥም አሮጌው ዓይነት ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ ቆይቷል። ነጭ የመሰለው ቀሚስ ፈዛዛ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ የጠቆረው ጸጉር ቀይ፣ የተጠቃጠቀው ፊትም በፀሐይ ትንሽ የቀላ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእጅ ቀለም የተቀባ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የሚያዩት ሮዝ የቀቢው ምርጫ ነው።

ምስሉ ግራና ቀኙ ተገላብጦ የታተመ እንዳይሆንም ይፈትሹ። የግድግዳ ሰዓት፣ ማስታወቂያ ወይም የወንድ ኮት ቁልፍ ይህን ይፈታል። በባሌት ልምምድ እንደ ልማድ ግራ እጅ እንጨቱን ይዞ በቀኝ እግር ስለሚጀመር ሁሉም ልጆች በቀኝ እጃቸው ይዘው ከታዩ መጠርጠር ይቻላል፤ ይሁንና ልምምዱ በሁለቱም ወገን ስለሚደገም ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጫማና ታይት

የዚህ ሥራ ዋናው ቦታ እዚህ ነው። በመጀመሪያ ጫማው ለስላሳ ነው ወይስ ጫፉ የጠነከረ የጣት ጫማ፣ ማለትም ፖይንት፣ የሚለውን ይለዩ። ዳንሰኛዋ ማሪ ታልዮኒ በ1832 በጣት ጫፍ ላይ የመቆምን ጥበብ ዝነኛ ስታደርግ የተጫማችው ጫፉ በክር የተጠናከረ ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር፤ ጠንካራ ጫፍና ጠንካራ መርገጫ ያለው ጫማ የተስፋፋው በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ሲሆን የጣሊያን ጫማ ሠሪዎች በዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የጫማውን አፍንጫ አጉልተው ይዩ፤ ሹልና ለስላሳ ከሆነ ወደ ቀደመው፣ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ መቆሚያ ካለው ወደ ኋለኛው ዘመን ያደላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህን ጫማ ያደረገችው ልጅ ዕድሜ ነው። ዛሬ መምህራን በአብዛኛው ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት አካባቢ እስክትደርስና ለዓመታት ሠልጥና እስክትጠነክር ድረስ የጣት ጫማ አያስደርጓትም፤ በታላላቅ ቲያትሮች ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችም ጀማሪዎችን በለስላሳ ጫማ ማሠልጠንን ያስቀድሙ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በነበሩ የግል የዳንስ ትምህርት ቤቶች ግን፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ገና የወተት ጥርሳቸው ያልወለቀ ልጆች በጣት ጫፍ ቆመው የተነሡባቸው ፎቶዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲገጥም ልጅቱ ልዩ ተሰጥዖ ነበራት ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ጉልበቷ ተዘርግቷል ወይስ ታጥፏል፣ ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ ብሏል ወይስ ወደ ጎን ወድቋል ብሎ ማየት ይበጃል። የታጠፈ ጉልበትና የተዛነፈ ቁርጭምጭሚት በብዛት ከታዩ፣ ፎቶው የሥልጠናን ጥራት ሳይሆን ወላጆችን ለማስደሰትና አዲስ ተማሪ ለመሳብ የነበረን ፍላጎት ይመዘግባል። በቁመት ብቻ ዕድሜን መገመት ግን አደገኛ ነው፤ ከቁመት ይልቅ ጥርስ፣ የራስና የአካል ምጣኔ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ታይት ደግሞ፣ ብዙ ሰው የማይመለከተው ቢሆንም፣ ዘመንን በመለየት ከማንኛውም ልብስ የተሻለ ይረዳኛል። ከጥጥ፣ ከሱፍ ወይም ከሐር የተሠራ ታይት አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቦታው ስለማይመለስ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ ይጨማደዳል። የናይለን ስቶኪንግ ለሕዝብ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1940 ነው፤ የሚለጠጥ ናይለን በ1950ዎቹ ተስፋፋ፤ እጅግ የሚለጠጠውን የስፓንዴክስ ክር ደግሞ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ በ1958 ፈለሰፈው። በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ታይታቸው በጉልበት ላይ የተጨማደደ ከሆነ ከእነዚህ ለውጦች በፊት የተነሣ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። የአንዷ ብቻ ከሆነ ግን ለነገ ታድግበት ተብሎ ሰፊ የተገዛላት ልጅ ልትሆን ትችላለችና ከአንድ እግር መደምደሚያ አይውሰዱ።

ልብስና ጸጉር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስና በሌሎች ታላላቅ ትምህርት ቤቶች የዕለት ልምምድ ልብስ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከስስ ነጭ ጨርቅ የተደራረበ ቀሚስ ነበር። ለዛሬ ዓይን የመድረክ ልብስ ይመስላል፤ አይደለም። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በዳንሰኛዋ በኢሳዶራ ደንከንና ለጥንታዊት ግሪክ በነበረው አድናቆት ተጽዕኖ ቀላልና ልቅ የሆነ አጭር ቱኒክ (ቀሚስ መሰል ልብስ) በልጆች ክፍሎች ተስፋፋ። ስሙን በ1870 ከሞተው ፈረንሳዊ አክሮባት ከዡል ሌኦታር የወረሰው ሊዮታርድ (ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ አንድ ወጥ ልብስ) የልጆች ክፍል የተለመደ የደንብ ልብስ የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በሊዮታርድ ወይም በቱኒክ ዘመን የተነሡ ልጆች የሚያብረቀርቅ ጌጥና የተዘረጋ ቱቱ (የባሌት አጭር ቀሚስ) ለብሰው ከታዩ ያ ቀን የትምህርት ቀን አልነበረም፤ ወይ የዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ነው፣ ወይ ፎቶ አንሺ የተጠራበት ቀን ነው።

የጸጉር ፋሽን ረዳት ማስረጃ ነው። በራስ ላይ የታሰረ ትልቅ የሪባን አበባ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት፣ አጭር ቁርጥ ደግሞ በ1920ዎቹ ይበዛል፤ ነገር ግን ፋሽን ከከተማ ወደ ከተማ ዘግይቶ ስለሚደርስና በባሌት ክፍል ጸጉር ስለሚጠቀለል ብቻውን አይታመንም። ቀሚስ የለበሰን ሁሉ ሴት ብሎ መመዝገብም ስሕተት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ ትንንሽ ወንዶች ልጆች ቀሚስ ይለብሱ ነበር።

ልምምዱን መለየት

አምስቱን የእግር አቋቋሞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው የዳንስ መምህር ፒየር ቦሻም ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ዘመን በተነሣ ፎቶ ውስጥ መነሻዎ እነርሱ ናቸው። ተረከዞቹ ተነካክተዋል ወይስ ተራርቀዋል፣ አንዱ እግር ከሌላው ፊት ነው ወይስ ጎን፣ የሰውነት ክብደት በየትኛው እግር ላይ አርፏል የሚሉትን በቅደም ተከተል ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ጉልበትና የእግር ጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከታቸውን ይፈትሹ። እግርን ወደ ውጭ የማዞር ሥራ ከጭን መገጣጠሚያ መጀመር ያለበት ሲሆን ጀማሪ ልጅ ግን ከቁርጭምጭሚቱ አስገድዶ ያዞራል፤ የዚያን ጊዜ ጣቶቹ ወደ ጎን፣ ጉልበቱ ወደ ፊት ይመለከታል፣ የመሐል እግሩም ወደ ውስጥ ይዘምማል። ይህን በስንት ልጆች ላይ እንዳዩ መቁጠር የክፍሉን ደረጃ ከማንኛውም መግለጫ ጽሑፍ በተሻለ ያሳያል።

በአንጻሩ እግር ዝቅ ብሎ መነሣቱን እንደ ድክመት አይቁጠሩት። እግርን ከራስ በላይ ማንሣት የኋለኛው ዘመን ጣዕም ነው፤ በቀደመው ዘመን እስከ ወገብ የተነሣ እግር የተሟላ እንጂ የጎደለ አልነበረም። የክንድ አቀማመጥንም ሲገልጹ ቁጥር ከመጥራት ይቆጠቡ። በጣሊያናዊው የባሌት መምህር በኤንሪኮ ቼኬቲ ሥርዓት አምስተኛ የሚባለው፣ ሁለት ክንዶች ከራስ በላይ የሚገናኙበት አቋቋም በሩሲያዊቷ መምህርት በአግሪፒና ቫጋኖቫ ሥርዓት ሦስተኛ ነው። «ክንዶቿ ከራሷ በላይ ክብ ሠርተዋል» ብሎ መጻፍ ለሁሉም ይገባል። ከአንድ ፎቶ ተነሥቶ ይህ የቫጋኖቫ ወይም የቼኬቲ ትምህርት ቤት ነው ማለት ደግሞ ከሚገባው በላይ መድፈር ነው፤ የቫጋኖቫ የማስተማሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1934 መሆኑን ማስታወስ ግን ቢያንስ ከዚያ በፊት ስለተነሡ ፎቶዎች የሚሰጡ ብዙ ድፍረቶችን ያስቀራል።

የልጆቹ አካል መመሳሰልም የሚነበብ ነገር ነው። በ1713 በተመሠረተው የፓሪስ ኦፔራ ትምህርት ቤትና በ1738 በተቋቋመው የሴንት ፒተርስበርግ ትምህርት ቤት ልጆች ተመርጠው ስለሚገቡ በአንድ ክፍል ውስጥ በዕድሜና በአካል የሚቀራረቡ ልጆች ይታያሉ። የአራት ዓመት ሕፃንና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ረድፍ ከቆሙ ግን ትምህርት ቤቱ ለከፈለ ሁሉ ክፍት የሆነ የግል ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ከተሰለፉ አሰላለፉ የፎቶ አንሺው ነው።

ወለሉ፣ መስታወቱና በጥግ ያሉት

ወለሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል እንደሆነ በመስኮቶቹ ደፍና በመደገፊያው እንጨት መስመር አስተያይተው ይመልከቱ፤ አንዳንድ የቲያትር ትምህርት ቤቶች የልምምድ ክፍሎቻቸውን እንደ መድረካቸው ዘንበል አድርገው ይሠሩ ነበር። በጣውላው ላይ የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ ከታየ ቆሻሻ ነው ብለው አይለፉት፤ አቧራው እንዳይነሣና ጫማ እንዳይንሸራተት ወለሉን በአትክልት ማጠጫ ማርጠብ የታወቀ ልማድ ነበር። በጥግ ያለች ዝቅተኛ ሳጥን ደግሞ ተማሪዎቹ ጫማቸውን የሚያሹበት ከሙጫ የሚዘጋጅ ዱቄት፣ ሮዚን፣ የያዘች ልትሆን ትችላለች። የመደገፊያው እንጨት በልጆች ቁመት ከተገጠመ ክፍሉ ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ በእንጨቱ ፈንታ የወንበር ጀርባ የያዙ ልጆች ካሉ፣ ወይም በወለሉ ላይ የስፖርት ሜዳ መስመር ከታየ፣ አዳራሹ የተዋሱት ነው።

መስታወት ካለ በውስጡ ያለውን ክፍል ለብቻው እንደ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ያንብቡት፤ ፎቶ አንሺው፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ከፍሬሙ ውጭ የቀሩ ወላጆች ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛሉ። የሙዚቃ መሣሪያውም ይናገራል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልምምድ በቫዮሊን ይታጀብ ነበር፣ አንዳንዴም ቫዮሊኑን የሚጫወተው መምህሩ ራሱ ነበር፤ ኋላ ፒያኖ ቦታውን ወሰደ፤ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማጫወቻ አጃቢ ለመቅጠር አቅም ያልነበረውን ክፍል ሊያመለክት ይችላል። በመምህሩ እጅ ያለው በትር ምት ለመምታት የሚያገለግል ስለነበር ለቅጣት ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ በ1874 በሣለው የዳንስ ክፍል ሥዕል ላይ አዛውንቱ የባሌት መምህር ዡል ፔሮ እንዲህ ያለ በትር ተደግፎ ይታያል። የዴጋ ሥዕሎች እጅግ የታወቁ በመሆናቸው ማንኛውንም የቆየ የባሌት ፎቶ በእነርሱ በኩል የማየት ዝንባሌ አለ፤ ሠዓሊው የሣለው ግን የአንድ ከተማን የአንድ ቲያትር ዓለም ነው።

ማን አለ፣ ማን የለም?

በፓሪስ ኦፔራ «ትንንሽ አይጦች» ተብለው ይጠሩ ከነበሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ፤ ለእነርሱ ባሌት መዝናኛ ሳይሆን ቤተሰብን የሚደግፍ ሥራ መማሪያ ነበር። ሀብታም ወንድ ደንበኞች ከመድረክ ጀርባ ወዳለው የዳንሰኞች አዳራሽ የመግባት መብት ስለነበራቸው በግድግዳው ጥግ ተቀምጣ የምትታየው ጥቁር የለበሰች ሴት ልጇን የምትጠብቅ እናት ልትሆን ትችላለች። በሴንት ፒተርስበርግ የነበሩት ልጆች ደግሞ በዘውዱ ወጪ ይማሩ ነበር። በ1931 የሞተችው ሩሲያዊት ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ በብዙ አህጉራት ባደረገቻቸው ጉዞዎች ባሌትን አይተው ለማያውቁ ከተሞች ካስተዋወቀች በኋላ በየቦታው የተከፈቱት የግል ክፍሎች ግን ወላጅ የሚከፍልባቸው ነበሩ። ተመሳሳይ ቀሚስ፣ ተመሳሳይ አቋቋም፤ የልጆቹ ሕይወት ግን ለየቅል ነው።

በፎቶው ውስጥ የሌሉትንም ይቁጠሩ። ወንዶች ልጆች የሌሉበት ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ የሚጠበቅ ነው፤ ወንዶችን ማሠልጠን ባላቋረጠችው ኮፐንሃገን ግን ማብራሪያ የሚሻ ነው። በአሜሪካ በዘር መለያየት ዘመን ጥቁር ልጆች ከብዙ የባሌት ትምህርት ቤቶች ይከለከሉ ስለነበር ነጮች ብቻ የሚታዩበት ፎቶ አጋጣሚን ሳይሆን ሕግንና ልማድን ይመዘግባል። ዶሪስ ጆንስና ክሌር ሄይውድ በ1941 በዋሽንግተን ለጥቁር ልጆች የከፈቱትን ዓይነት ትምህርት ቤቶች የሚያሳዩ ፎቶዎችም «ያልተለመደ ትዕይንት» ተብለው መገለጽ የለባቸውም፤ በራቸው የተዘጋባቸው ሰዎች የሠሩት ተቋም መደበኛ የትምህርት ቀን ናቸው።

አሁን ፊታቸውን ማየት ይቻላል። በቀደሙት ደረጃዎች ካሜራው ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ልጆቹ ታዝዘው እንደቆሙና ማን ይመለከታቸው እንደነበር ከታወቀ የፊት መኮሳተር ከኀዘን ይልቅ ያለ መንቀሳቀስ ድካም፣ ወደ ጎን የተሰረቀ ዓይንም ከማፈር ይልቅ ከፍሬሙ ውጭ ለቆመ መምህር የተሰጠ መልስ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ወደ አንድ ያልታየ ነጥብ የሚመለከቱ ከሆነ የዓይናቸውን መስመር ተከትሎ ያ ሰው የት እንደቆመ መገመት ይቻላል።

ትርጓሜውን መጻፍ

ጽሑፍዎ የታየውን፣ ከታየው የተገመተውንና ያልታወቀውን እንዳይቀላቅል አድርገው ያዋቅሩት። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ዘጠኝ ልጆች ግራ እጃቸውን በመደገፊያ እንጨት ላይ አሳርፈው ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል። የሰባቱ ታይት በጉልበት ላይ የተጨማደደ ሲሆን ሁሉም አጭር ቱኒክ ለብሰዋል፤ ወረቀቱ የጄላቲንና የብር ነው፤ ስለዚህ በ1915 እና በ1940 መካከል የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ብርሃኑ ከግራ መስኮት ስለሚገባና ብዥታ ስለማይታይ ልጆቹ እንዲቆሙ የታዘዙ ይመስላል። የትምህርት ቤቱ ስምና ቦታው አልታወቀም።» አንድ ዓመት ብቻ ከመጻፍ የዘመን ክልል መስጠትና ክልሉን ያወጡበትን ምክንያት በዚያው ዓረፍተ ነገር ማኖር የኋላ ተመራማሪ እንዲያርመው ያስችለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከፎቶው ውጭ ነው። በካርቶኑ ላይ የታተመ የስቱዲዮ ስምና አድራሻ ካለ በየዘመኑ ይታተሙ ከነበሩ የከተማ የንግድ ማውጫዎች ጋር ያስተያዩት፤ ስቱዲዮው በዚያ አድራሻ የቆየባቸው ዓመታት ክልሉን ብዙ ጊዜ ወደ ጥቂት ዓመታት ያጠብባሉ። የትርኢት ፕሮግራሞችና የአካባቢ ጋዜጦች የልብሱን ዝርዝር ሊያረጋግጡ ይችላሉ፤ ምስሉን በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ መፈተሽም ሌላ ቅጂ፣ አንዳንዴም ያልተቆረጠውን ሙሉ ፍሬም ያስገኛል። በጋዜጣ ክምችት ውስጥ የነበረ ፎቶ ከሆነ በጀርባው የተለጠፈውን መግለጫ ይመዝግቡ እንጂ አይመኑት፤ መግለጫው የተጻፈው አንባቢ ለመሳብ ነው።

በጀርባው የልጆች ስም ካለ «በጀርባው እንዲህ ተብሎ ተጽፏል» ብለው በራስዎ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ይገልብጡት። ከ1930ዎቹ ወዲህ በተነሡ ፎቶዎች ላይ ከሚታዩት ልጆች በሕይወት ያሉ ሊኖሩ ስለሚችሉ ግን ፎቶውን ለሕዝብ ሲያወጡ ስማቸውንና የመኖሪያ ቦታቸውን ያለ ፈቃድ አብረው አያውጡ።